ዋጋው ከቴምብሩ ሳይሆን ከማኅተሙ ነው

የምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብር ሰባቱንም በላስቲክ ሸፍኖ «ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ» እያለ የሚያዞር ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ዕድሜው እውነት ነው። ከዕድሜው ተነሥቶ የሚጠራው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ገንዘቡን ከሸቀጥ ወደ ቅርስ ለማዞር ያሰበ ነጋዴ መጀመሪያ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

ቴምብሮቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ታተሙ። ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሽ የሚሉት የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ የሚሉት አንበሳውን ይዘዋል። 16 ግርሽ አንድ የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ከእትሙ ብዙው ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ አውሮፓ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሸጠ። ስለዚህ ያልተሠራበት ቴምብር ዛሬም በውጭ ገበያ ሞልቷል፤ ብርቅ የሆነው በእውነት ተጉዞ በደረሰ ደብዳቤ ላይ የቀረው ነው።

ይህ የእኛ ገበያ ብቻ ጠባይ አይደለም። የማርያ ትሬዛ ብር አገር ኦስትሪያ የመጀመሪያ ቴምብሯን ያወጣችው በ1850 ነው። 9 ክሮይዘር የሚለው ሰማያዊ ቴምብር የቪየና ማኅተም ካረፈበት ተራ ዕቃ ነው። ያው ቴምብር የአንዲት ትንሽ የጠረፍ ከተማ ማኅተም ሲያርፍበት ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ይወጣል። ቴምብሩ አንድ ነው፤ የሚገዛው ቦታው ነው።

የኢትዮጵያ የጠረፍ ደብዳቤ ከዚያ አያንስም። አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ከጠረፍ ወዲያ አይሠራም ነበርና ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የጅቡቲው የፈረንሳይ ቴምብርም ያስፈልገው ነበር። የሐረርና የጅቡቲ ማኅተም፣ የሁለት አገር ቴምብር ጎን ለጎን ያለበት ፖስታ ከተገኘ ዋናው ዕቃ እርሱ ነው። ከላስቲኩ ሰባት ቴምብር ጋር ለውድድር አይቀርብም።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመጣ ጥንቃቄው ይጠብቃል። ምኒልክ የተወለዱት ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ነው፤ አንኮበርም መናገሻቸው ነበረች። ስለዚህ «የአንኮበር ማኅተም ያለበት የመጀመሪያ እትም» የሚል ወሬ ጆሮ ይስባል። ነገር ግን ቴምብሩ ሲመጣ ቤተ መንግሥቱ አንኮበርን ከለቀቀ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ራምቦ በ1887 ጠመንጃውን ይዞ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ሒሳቡን ለመጨረስ እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። ከቴምብሩ የመጀመሪያ ዓመታት በደንብ የሚታወቁት ማኅተሞች የእንጦጦ፣ የአዲስ አበባና የሐረር ናቸው። አንኮበር የሚል ከመጣ ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ የአዋቂ ምርመራ ይቅደም።

አንኮበር ሌላ ሀብት አላት፤ ከቴምብር በፊት የተጻፈ ደብዳቤ። በ1841 የመጣው የእንግሊዙ ሃሪስ ቡድንም ሆነ በ1876 የመጣው የጣሊያኑ አንቲኖሪ ቡድን ደብዳቤ የሚልኩት ከቅፍለት ጋር፣ በቆላው በኩል ወደ ባሕር ጠረፍ ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት የአንኮበር ማኅተም የለውም። የሚመሰክርለት ውስጡ የተጻፈው ቦታና ቀን፣ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ኤደን ያለ የወደብ ማኅተም ነው።

የደብረ ብርሃን ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን የተላከ ደብዳቤ ደብረ ብርሃን አይገኝም፤ የመነሻ ማኅተም ከደብዳቤው ጋር ተጉዞ ተቀባዩ ዘንድ ይቀራል። በ1960ዎቹ እዚያ ያስተማሩ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ለቤተሰብ የጻፉት ቢፈለግ አሜሪካ፣ በወረራው ዘመን የነበረ ወታደር የጻፈው ቢፈለግ ጣሊያን ነው። ከተማው ውስጥ የቀረው ገቢ ደብዳቤ ነው። እርሱም ቢሆን ይገልበጥ፤ ጀርባው ላይ የደብረ ብርሃን የመድረሻ ማኅተም ከተመታበት ከፊቱ ቴምብር ይልቅ የሚፈለገው እርሱ ነው።

ጉዳቱ እየደረሰ ያለው ግን በመቀስ ነው። መሥሪያ ቤት አሮጌ ፋይል ሲያራግፍ፣ ወራሽ የአባቱን ሣጥን ሲከፍት ቴምብሩ ተቆርጦ ወይም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይነሣል፤ ፖስታው ይጣላል። በተቆረጠው ቁራጭ ላይ «ደብረ» የሚል ግማሽ ክብ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ይሁን ደብረ ማርቆስ ወይም ደብረ ዘይት ማን ይለየዋል? ለሳንቲም የተሸጠው ቴምብር በፖስታው ላይ ቢቆይ የአንድ ከተማ ማስረጃ ነበር።

ገበያው እንደ ቡና ዛሬ ተገዝቶ ነገ የሚሸጥበት አይደለም፤ ገዢው ጥቂት ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። አብዛኛው ገዢ ደግሞ ውጭ አገር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነውና አሮጌ ደብዳቤ ለውጭ ገዢ ከመላኩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። ለዓይን ማሠልጠኛ አዲስ አበባ ያለው የፖስታ ሙዚየም ከማንኛውም ደላላ ይረክሳል።