የጊኒር እናት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ትቆጠር?

ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን በጀት የሚደለድለውን ወጣት ሹምም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልገውን ተማሪ የሚነካ ነው፤ ይኸውም በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ በእናትና በጨቅላ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት የሚደረገው ምርምር ነው።

ጊኒር የቆየች የባሌ የገበያ ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። የራስዋ ሆስፒታል አላት። ምጡ ከዚያ አቅም በላይ የሆነባት እናት ግን በጎሮ በኩል ሮቤን አልፋ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጠብቃታል። ከገጠር ቀበሌ የምትነሣውማ እስከ ጊኒር መድረሱም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

የተለመደው ምርምር እንዲህ ነው፤ ተማሪው የሆስፒታሉን መዝገብ ይከፍታል፤ ደም የፈሰሳቸውን፣ የደም ግፊት የታየባቸውን፣ ታፍኖ የተወለደውን ሕፃን ይቆጥራል፤ በመቶኛ ያሰላል። እኛም በትምህርት ላይ ሳለን የሠንጠረዥ ማማር ያስደስተን ነበርና ሥራውን አንንቅም። ሆኖም መዝገቡ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ነው። በመንገድ ላይ ደም ፈስሷት ያለፈችው በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም።

በአገር አቀፉ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ነበሩ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ጨቅላዎች በሁለቱም ጥናት ከ1,000 ወደ 30 ገደማ ነበሩ። እናቲቱ ተቋም ደረሰች ማለት በጊዜው ደረሰች ማለት አይደለም።

ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ወሊድ ያሠጋቸዋል የተባሉ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በሆስፒታሉ ማቆያ እንዲሰነብቱ ተደረገ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ሲመረመሩ፣ በማቆያው ካለፉት ከ100,000 ወደ 90 እናቶች ሲሞቱ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ሞተዋል። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከ1,000 ወደ 18 እና 191 ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ ለቤቱ መስጠት አይገባም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ ናቸውና። ግን ጉዳያችንም ይኸው መዘግየት አይደለምን?

መድኃኒቱማ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት በእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ጊኒር ላይ የሚቀረው ጥያቄ እናቲቱ መቼ ደረሰች የሚለው ነው።

ስለዚህ ወደ ባሌ ለጥናት የሚሄድ ተማሪ ከመዝገቡ ዐምዶች ሌላ ሁለት ሰዓቶችን ይጠይቅ እንላለን፤ ምጡ የጀመረበትንና ከቤት የተወጣበትን። የቀበሌውን ሟቾችም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችዋ ጋራ ቤት ለቤት ይቁጠር። የወረዳው ሹም ደግሞ ማቆያ ቤት ሲያሠራ ማገዶውንና ቀለቡን በበጀቱ ይጻፍ፤ እቤት ልጆችዋን ትታ የመጣች እናት ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት አትቀመጥም።