የመጀመሪያው ሸክላ
በ1961 ዓ.ም. ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ሕንድ አገር አሳትሞ ለገበያ ማቅረቡ ይታወቃል።

ዛሬ ከልካይ የለም፤ ወጪው ግን አለ። ከመርሳ በስተደቡብ ያለው አምባሰል ስሙን ለቅኝት ሰጥቷል፤ ባቲም እንዲሁ። በእነዚህ ቅኝቶች ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ አሳታሚ ሳይጠብቅ የመጀመሪያ አልበሙን የሚያወጣ ወጣት ለስቱዲዮ፣ ለቅንብርና ለሙዚቀኛ የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። እኛ ደመወዝተኞቹ ግን «የወሎ ዜማ ነፍሳችን ነው» እያልን ዘፈኑን ከጓደኛ ስልክ በነፃ እንገለብጣለን፤ ይህን የምንጽፈውም ከዚህ ነቀፋ ንጹሐን አይደለንም። ለቡና የማንሳሳውን ገንዘብ ለዚያ ልጅ ከነፈግነው፣ ሁለተኛውን አልበም በምን ሊያወጣው ነው?