ከቢጫ ካርዱ በፊት ሕመምተኛው ይጠየቅ

ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወይም ለካንሰር ሕክምና ወደ ህንድ የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ሩጫውን ያውቀዋል። ቪዛው፣ ትኬቱ፣ የውጭ ምንዛሪው ሲያራውጥ ይከርምና የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫው ቢጫ ካርድ መጨረሻ ላይ ይታወሳል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ወረፋ ይዞ ክንዱን ይሰጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት የሚሠራው ሕይወት ካለው፣ ግን ከተዳከመ ቫይረስ ነው። ለጤነኛ ሰው አስተማማኝ ነው፤ ካርዱም ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሰውነት መከላከያው በደከመ ሰው ላይ ግን ያው ቫይረስ በርትቶ ጉበትን ወይም አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ ፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ለሳምንታት የሚወስድ፣ ኤችአይቪ በደሙ ኖሮ ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች የሆነ ሰው መከተብ የለበትም።

ህንድ ካርዱን የምትጠይቀው በከንቱ አይደለም። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ አገሯ ውስጥ አለች፤ በሽታው ግን የለም። በእኛ አገር ደቡብ ምዕራብ ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተነሳው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል።

መከተብ ለማይችል ሰው ሕጋዊ መውጫ አለ። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት ሐኪሙ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ጽፎ ይሰጠዋል። ሆኖም ተቀባዩ አገር መንገደኛውን እስከ 6 ቀን ለይቶ ሊያቆየው ስለሚችል ከጉዞው በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ግድ ነው። ሳይከተቡ ማኅተም ማስመታት ግን መውጫ አይደለም። ሕመምተኛው ያልወሰደውን ክትባት እንደወሰደ የሚመሰክር ሰነድ ነገ የሚያክመውን ሐኪም ያሳስታል።

ስለዚህ ጉዳዩ ከክትባት ጣቢያው ወረፋ ሳይሆን ሪፈር ከሚጽፈው ሐኪም ይጀምር። ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ሊከተብ ይችላል፤ ከንቅለ ተከላው በኋላ ግን ዕድሉ ያልፋል። ክትባት ሰጪዋ ነርስም መርፌውን ከማንሳቷ በፊት «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብላ ትጠይቅ። ተጠያቂውም አይሸሽግ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የመድኃኒት ዝርዝርዎን ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙ፤ ሳይጠየቁም ያሳዩ።