ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያረፉበት ቤት

«ፌርፊልድ» ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣልን «የጃንሆይ የስደት ቤት» የሚለው ነው። ልክ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ዳር ያለውን ይህን ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ገዝተው እስከ 1940 ኖረውበታል። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ደጁን ስረግጥ የታወሱኝ ሌላ ሰው ናቸው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ።

ሚኒስትርነታቸውን ለጊዜው እንተወው። «ወዳጄ ልቤ»ን እና «አዲስ ዓለም»ን የጻፉልን እሳቸው ናቸው። ጃንሆይን ተከትለው ተሰደዱ፤ የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1938 እዚያው ፌርፊልድ አረፉ። ጃንሆይም የ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በዚያው በባዝ ስደታቸው ነው። እንግዲህ ይህን ቤት የጸሐፊ ቤት ብንለው ማን ይከሰናል?

ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን የአረጋውያን መኖሪያ ይሁን ብለው ለከተማው ሰጡት። እኔ ስገባ ያገኘሁት ሻይ እየጠጡ የሚያወጉ ሽማግሌዎችን ነው፤ ብዙዎቹ ከካሪቢያን የመጡ። መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ዙፋን ነገር ጠብቄ ኖሯል! ኋላ ሳስበው ግን ቤቱን ያቆመው ይኸው ነው። ሰው የሚገባበት፣ ጀበና የሚጣድበት ቤት አይፈርስም። የሚፈርሰው ተቆልፎ የተረሳው ነው።

እኛስ ዘንድ? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ «እዚህ ቤት ማን ኖረ? ማንስ ምን ጻፈበት?» ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? ልማት ጠላ እንዳትሉኝ። የሚያፈስ ጣራ ሥር ያለ ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋል። ነገር ግን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላል፤ የፈረሰ ቤት ግን ተለቅሞም አይገኝ!

የምለው ትንሽ ነው። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ይጠየቅ። የደራሲ ቤት ከተገኘ ሐውልት አቁሙልን አንልም፤ ሽማግሌው ጋዜጣ፣ ተማሪው መጽሐፍ የሚያነብበት ክፍል ይሁን፤ ይበቃናል።

ኅሩይ በሰው አገር ነፍሳቸው የወጣችበት ቤት ዛሬም ጣራ አለው። አገራቸው ላይ ተቀምጠው የጻፉልን ሰዎች ቤትስ? እስቲ በየሰፈራችሁ ዞር ዞር በሉና እዩ፤ ካገኛችሁት!