ልከኝነት በጤፍ ፍሬ ሲመዘን

በሜካትሮኒክስ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ዘንድ የሮቦት ክንድ፣ ሚዛኑን የሚጠብቅ ዘንግና የሞተር ፍጥነት ቁጥጥር ደጋግመው የሚመረጡ ርዕሶች ናቸው። ሥራው በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያበቃል። ስሕተቱ ወደ ዜሮ መጠጋቱን የሚያሳየው ግራፍ ከቀረበ በኋላ፣ ያ ልከኝነት ለየትኛው ሥራ እንዳስፈለገ እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ጥያቄ ግን የጥናቱ መደምደሚያ ሳይሆን መነሻው ሊሆን ይገባል። የቺፕ ማምረቻ መሣሪያ የናኖሜትር ልከኝነት የሚሻው ሥራው ስለሚያስገድደው ነው፤ ልከኝነት ያለ ሥራ ትርጉም የለውም።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሞጣና በቢቸና በኩል ወደ ደጀን የሚዘልቀው መንገድ የጤፍ አገር ያቋርጣል። በዚያ ምድር እጅግ ልከኛ ቁጥጥርን የሚሻ ሥራ አለ፤ ይኸውም ጤፍን በመስመር መዝራት ነው። በብተና ሲዘራ ለአንድ ሔክታር 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ዘር ይወስዳል፤ በመስመር ሲሆን ግን 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል። ይሁን እንጂ በእጅ ሲሠራ የሚጠይቀው ጉልበት ብዙ ስለሆነ ገበሬው ወደ ብተናው ቢመለስ አያስደንቅም።

ሒሳቡ የችግሩን ክብደት ያሳያል። በመስመሮች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ቢተው፣ የአንድ ሔክታር መስመሮች ሲቀጣጠሉ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 0.1 ግራም ብቻ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በየ3 ሚሊ ሜትሩ አንድ ፍሬ መውደቅ አለበት ማለት ነው። መሣሪያው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢጓዝ፣ በየሰከንዱ ከ160 በላይ ፍሬዎችን በእኩል ርቀት መልቀቅ ይጠበቅበታል። በቆሎን አንድ በአንድ በአየር ስበት እያነሣ የሚዘራው ዘዴ ለዚህ ደቃቅ ፍሬ እንዳለ አይሠራም።

አስቸጋሪው ነገር ሞተሩን ማዞር አይደለም። በሬ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ይታጠፋል፤ ዘሩን እየመጠነ የሚለቀው ሮለር ደግሞ ይህን ሁሉ መከተል አለበት። ፍጥነቱን የሚለካው ኢንኮደር ከመሬት ጎማ ጋር ቢያያዝ፣ የቢቸና ዋልካ በክረምት ጎማውን ያንሸራትተዋል፤ ጭቃም ይይዘዋል፤ ልኬቱም ይሳሳታል። በዚህ ላይ ሰበቃ፣ ንዝረትና በማርሽ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ይጨመራሉ። እነዚህ በሲሙሌሽን ውስጥ በአንድ ቋሚ ቁጥር የሚታለፉ ጉዳዮች በማሳው ላይ ዋናው ጥያቄ ይሆናሉ።

ይህ የግብርና መሣሪያ ሥራ እንጂ የቁጥጥር ሳይንስ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የሚንሸራተት ጎማን እውነተኛ ፍጥነት በርካሽ ዳሳሾች መገመት የዘርፉ ሕያው ችግር ነው። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ባትሪና ሞተር የተጨመረበት መሣሪያ ከገበሬው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መልሱ መለካት ነው። በጎማ ብቻ የሚዞር ቀላል መሣሪያ ተመጣጣኝ ውጤት ካስገኘ፣ ይህንኑ በማስረጃ ያሳየ ጥናት ዋጋ አለው፤ ሊመረቅበትም ይገባል።

እንቅፋት የሚሆነው የጊዜ ሰሌዳው ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ አካባቢ፣ ማለትም የትምህርት ዘመኑ በሚጠናቀቅበት ወቅት ነው። ተማሪው ጽሑፉን አስረክቦ ሲሄድ ማሳው ገና ይከፈታል። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች የጥናት ጽሑፍ ማስረከቢያውን ከክረምቱ በኋላ የሚያደርጉበትን አሠራር ቢፈቅዱ ይበጃል። በቢቸና ማሳ የተስተካከለው መሣሪያም ቅንብሩ ሳይነካ ሞጣ ላይ ይሞከር፤ በየሜትሩ የወደቀው ዘር ተቆጥሮ በጽሑፉ ይስፈር። ግራፉ ያኔ የሚያሳየው ስሕተት ከዜሮ ይርቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀጣዩ ተማሪ የሚነሣበት እውነተኛ ቁጥር ይሆናል።