ዲላ ያለው ቤታችሁ ተከራይ አለው፤ ውልስ አለው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ወገኔ የቤት ኪራይ ሕግ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል፤ ግንበኛው እንዳይሸሽም ዕድሜያቸው 23 ዓመት ያልሞላ ሕንፃዎችን ከገደቡ ነፃ አድርጓል። ለንደን ያላችሁትም በ2025 የጸደቀውን የተከራዮች መብት ሕግ ታውቁታላችሁ። አከራይ ምክንያት ሳይሰጥ ተከራዩን የሚያስወጣበትን አንቀጽ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሽር ሕግ ነው። ተከራይ ሆኖ ይህን የጠላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እዚያ ተከራይ የሆነው ሰው ግን እዚህ ጌዴኦ ውስጥ አከራይ ነው። ዲላ፣ ወናጎ ወይም ይርጋ ጨፌ ላይ በላቡ የሠራው ቤት፣ አለዚያም ከወላጆቹ የወረሰው ግቢ አለው። ኪራዩን የሚሰበስብለት ወንድሙ ወይም አጎቱ ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ጭማሪውም በር ላይ ቆሞ በቃል ይነገራል። ሜሪላንድ ላይ 7 በመቶ ቢጨመርበት ለካውንቲው አቤት የሚለው ሰው፣ ዲላ ላይ በእሱ ስም እጥፍ ሲጨመር አያውቅም። ወይም እያወቀ ዝም ይላል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን አሠራር ነው የሚነካው። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ገንዘቡም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪ የሚፈቀደው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መጠኑንም ተቆጣጣሪው አካል በሰኔ መጨረሻ ያስታውቃል። አዲስ የተሠራ ወይም ከዚህ በፊት ተከራይቶ የማያውቅ ቤት ከሆነ የመጀመሪያው ዋጋ በስምምነት ይቆረጣል። ለመሸጥ ለምታስቡት ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ ቤቱ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ውሉን ማቋረጥ የሚችለው የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ «ነገ ልቀቅ» ብሎ ገዢ ማስገባት ቀረ።

አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ለዲላ ወሳኙ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው ማለት ነው። በእኔ እይታ ዲላን ከዚህ ማስቀረት የሚያዛልቅ አይደለም። ክልሉ በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ዲላ ከማዕከላቱ አንዷ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት መሀሏን ያልፋል። ዙሪያዋን ያለው ገጠር ደግሞ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከእንሰቱና ከቡናው የተረፈ ባዶ መሬት ስለሌለ ከተማዋ እንደ ልቧ አትሰፋም። ሰው ይመጣል፣ ቤት አይጨመርም። ውጤቱን ከደላላው ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አንድ የተለመደ የዲላ ግቢ እንመልከት። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከጓሮ በረድፍ የተሠሩ አምስት ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች፣ ከአጥሩ ሥር ጥቂት እንሰትና ሁለት ሦስት እግር ቡና። መጸዳጃው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ የመብራት ቆጣሪውም አንድ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቀጥሎ አዲስ የተቀጠረች መምህርት፣ ከጥግ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም እናት ከልጆቿ ጋር ይኖራሉ። ወር ሞልቶ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ጭቅጭቁ ይነሳል። ምጣድ ያለውና አምፖል ብቻ ያለው እኩል አይከፍሉም፤ ማን ስንት ይክፈል የሚለውን ደግሞ ማንም አልጻፈውም። ውሃ ከሄደ ሰንብቶ በሌሊት ሲመጣ ጀሪካን የሚደረደረው በማን ተራ ነው? ባለቤቱ ዳላስ ነው። ወኪሉ ወንድም የሚመጣው ኪራይ ሊቀበል ነው። ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን ለማን ይናገሩ?

ስለ ወንድምየው ክፉ መናገሬ አይደለም። እሱም ከሁለት ወገን ተይዟል፦ ከውጭ «ለምን አነሰ» ይባላል፣ ከውስጥ «ለምን በዛ» ይባላል። የተጻፈ ውል ከሁሉም በፊት የሚያሳርፈው እሱን ነው። ብሩ በባንክ ሲገባ «በላህብኝ» የሚባል ነገር አይኖርም፤ በዚህ ሰበብ የተኳረፉ ወንድማማቾች ስንት እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ። ጌዴኦ ጠቡን የሚጨርስበት ሶንጎ አለው። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ «ብሏል»፣ «አላልኩም» ከሚሉ ሁለት ሰዎች ይልቅ የተፈረመ ወረቀት ቢቀርብላቸው ሥራቸው ይቀላል።

ቤታችሁን ቆልፋችሁ የሄዳችሁም አዋጁ ሳያነሳችሁ አላለፈም። መከራየት እየቻለ ያለ በቂ ምክንያት ከ6 ወር በላይ ባዶ የተቀመጠ ቤት፣ እንደተከራየ ተቆጥሮ ግብር እንዲከፈልበት ያደርጋል። «ለክረምት ስመጣ የማርፍበት» ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ዘበኛ ብቻ የሚያድርበት ቪላ ካላችሁ፣ ክልሉ ዲላን በአዋጁ ሥር ካስገባት ይህ ለእናንተ ነው። ከበድ ይላል፣ ግን አግባብ ነው እላለሁ። ቤት በጠፋበት ከተማ የተቆለፈ ቤት የጎረቤትን ኪራይ ያስወድዳል።

የምንዛሬው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ በብር የሚሰበሰብ ኪራይ በዶላር ሲታሰብ ሟሟ። «ዶላሩ እጥፍ ሆኗል፣ ኪራዩም እጥፍ ይሁን» የሚለው ሂሳብ ዋሽንግተን ለተቀመጠ ሰው ልክ ይመስላል። የመምህርቷ ደመወዝ ግን በዶላር አይከፈልም። የውጭ ምንዛሬው ለውጥ የጠቀመው ዶላር ለሚልከው ሰው እንጂ ብር ለሚያገኘው ሰው አይደለም። እናንተ ደግሞ ላኪዎች ናችሁ።

ምዝገባ ሲባል ብዙ አከራይ ለምን እንደሚደነግጥ ይገባኛል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት፤ ቤት አከራይቶ ማደርም ተዘጋ። ያኔ ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ አሉ፤ «ቤትህን አስመዝግብ» የሚለው ቃል አባታቸውን ያስታውሳቸዋል። ጌዴኦ ግን የሌላውንም ወገን ታሪክ ያስታውሳል። በ1952 ዓ.ም. ገበሬው በባለመሬቶች ላይ ያመፀው ከቡናው የሚጠየቀው ድርሻ አንገፍግፎት ነው። የሚገርመው ኪራይን ጨምሮ ውሎቻችንን እስከ ዛሬ የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። አዲሱ አዋጅ የ1967ቱ አይደለም። ቤቱ የእናንተ ነው፣ ኪራዩም የእናንተ ነው፤ የቀረው በአንድ ቃል ማስወጣትና እንዳሻ መጨመር ነው።

ቅሬታ የለኝም ማለቴም አይደለም። ጭማሪን መገደብ ብቻውን አንድ ክፍል አይሠራም። ክልሉ ዲላ ላይ ገደቡን ይዞ ቢመጣና የግንባታ ቦታ፣ ብድርና መሠረተ ልማት ይዞ ባይመጣ፣ ሰርቪስ ሊሠራ ያሰበ ሰው ብሎኬቱን ትቶ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የወረቀቱ ዋጋ ሌላ፣ እጅ ለእጅ የሚከፈለው ሌላ የሚሆንበት አደጋም አለ። ይህን ለክልሉ ምክር ቤት መናገር የምትችሉት ዛሬ ነው፤ በማኅበራችሁ በኩል ጻፉ፣ ለእረፍት ስትመጡም ከተማ አስተዳደሩ ድረስ ሂዱ። ቀድሞ መናገር የሚያምርበት ግን ቀድሞ የራሱን ተከራይ ውል ያስያዘ አከራይ ነው።

ዜግነት የለወጣችሁ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያችሁ አለመቃጠሉን እዩ፤ በቤታችሁ ላይ ያላችሁ መብት ከ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ጋር የተያያዘ ነው። የጽሑፍ ውክልና ያልሰጣችሁ ካላችሁ በአቅራቢያችሁ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ፈርማችሁ ላኩ፤ ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጠቅላላ ውክልና የሰጣችሁት ደግሞ አዲስ ወረቀት ፍለጋ አትድከሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ከ3 ዓመት ያልበለጠ የኪራይ ውል መፈረምን ይጨምራል፤ ልዩ ውክልና የሚጠየቀው ቤቱን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ነው። ወንድማችሁ እጅ ያለው ወረቀት ለ2 ዓመቱ ውል ይበቃል። ዛሬ ማታ ደውሉለትና ከተከራዮቹ ጋር በጽሑፍ ይፈራረም፤ የመብራቱና የውሃው አከፋፈልም እዚያው ውስጥ ይግባ።