ሳል ይዞት የመጣ ልጅ ሆዱን ሲያመው

ሰሚት አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ በሳልና በትኩሳት የመጣ የሰባት ዓመት ልጅ «ሆዴንም ያመኛል» ቢል፣ ቅሬታው በቀላሉ ይታለፋል። ወላጅ «ወስፋት ነው» ይላል፤ ባለሙያው ደግሞ የታችኛው የሳንባ ክፍል ምች ሕመሙ ሆድ ላይ ሊሰማ እንደሚችል ስለሚያውቅ በዚያ ይረካል። ሁለቱም ግምቶች ብዙ ጊዜ ትክክል ናቸው። አሳሳቢው ትክክል የማይሆኑበት ጊዜ ነው።

ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ የሚበዛው ማይኮፕላዝማ ኒሞኒየ፣ አልፎ አልፎ የቆሽት ብግነት እንደሚያስከትል በሕክምና መጽሔቶች ተዘግቧል። ይህ ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው፣ የግድግዳውን ግንባታ በማደናቀፍ የሚሠራው አሞክሳሲሊን አይጎዳውም። ቆሽትን በቀጥታ ይወርር ወይም ጉዳቱ ከሰውነት የመከላከል ምላሽ ይምጣ ገና አልተቋጨም። ብግነቱን ለመለየት ግን ከሦስት መስፈርቶች ሁለቱ ይበቃሉ፦ ከቆሽት የሚነሣ የሚመስል የሆድ ሕመም፣ ከጤናማው ጣሪያ ቢያንስ 3 እጥፍ የሆነ ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ፣ በምስል የሚታይ ለውጥ። (አሚሌዝ በጆሮ ደግፍም ስለሚጨምር ላይፔዝ ይመረጣል።)

ይበልጥ የሚያከራክረው የመንሥኤው ጉዳይ ነው። ሆስፒታል የተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶን ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ዝቃጭ ሊፈጥር፣ ዝቃጩም አልፎ አልፎ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። ወስፋትም ወደ ሐሞት ቧንቧ ሲገባ እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ የወላጅ ግምት እንደ ተራ ወሬ መታየት የለበትም። ታዲያ ጥፋተኛው ባክቴሪያው ነው፣ መድኃኒቱ ወይስ ትሉ? እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ አስቀድሞ የሚያስፈልገው፣ ሕመሙ ከመርፌው በፊት ወይም በኋላ መጀመሩን የሚገልጽ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር በሌለበት ካርድ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ የድኅረ ምረቃ ጥናት፣ የመድኃኒቱን ጉዳት በባክቴሪያው ላይ ሊያላክክ ይችላል።

ለሚያስል ልጅ ሁሉ ላይፔዝ ይታዘዝ ማለት አይደለም፤ ወጪውም ጥቅሙም አይፈቅድም። የምቹ ምልክቶች እየቀነሱ የሆድ ሕመሙና ትውከቱ ለጸናበት ልጅ ግን መታዘዝ አለበት። ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጣል፦ በቂ ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ልጁ እንደቻለ ምግብ፣ የሴፍትሪያክሶኑም መቀጠል እንደገና መታየት። ከሰሚት ወደ ሆስፒታል በሚላከው የሪፈር ወረቀት ላይም የሆድ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ከተሰጠው መድኃኒት ስምና ቀን ጎን ሊሰፍር ይገባል።